ጉዞ ወደ ቡታጅራ፤ ነፍሰ ጡርንና አራስን ስለ ማጽናናት

አገር አይቶ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ተራራው ከፍታ፥ ስለ ወንዙ ስፋትና ስለ ገበያው ድምቀት ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድን አገር በሌላ መለኪያም መመርመር ይቻላል። ይኸውም በዚያ አገር የምትኖር ሴት ባረገዘች ጊዜና በወለደች ማግስት ልቧ ቢከብድባት ሄዳ የምትነግረው ሰው አላት ወይስ የላትም? ብሎ መጠየቅ ነው። እኛም ባለፈው የጥር ወር ከጥምቀት በዓል በኋላ በአንዲት ሕፃን ክርስትና ላይ እንድንገኝ ተጠርተን ወደ ቡታጅራ በወረድን ጊዜ፥ መንገዱንና አገሩን በዚህ መለኪያ ልንመለከተው ሞከርን። ያየነውንና የሰማነውን፥ ቀድሞም ከመጻሕፍት ያገኘነውን ጨምረን፥ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ እንጽፋለን።

መንገዱ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገድ ዓለም ገናን አልፎ በግራና በቀኝ ማሳ እያሳየ ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳል። በወንዙ አጠገብ መልካ ቁንጡሬ የተባለው ስፍራ አለ። የቀደሙ ሰዎች የሠሯቸው የድንጋይ መሣሪያዎች በብዛት የተገኙበት ስለ ሆነ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ሊቃውንት በዚሁ ስፍራ 700,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል በሚሉት አፈር ላይ የአዋቂዎችንና የልጆችን የእግር ዱካ አግኝተዋል፤ ከዱካዎቹም መካከል ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን የረገጠው አለበት። እንዲህ ያለ ሕፃን ብቻውን ርቆ አይሄድምና፥ ልጅን በመካከል አድርጎ መጓዝ የሰው የቆየ ልማድ እንደ ሆነ ዱካው ራሱ ይመሰክራል።

ከአዋሽ አካባቢ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ያደርሳል። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ዐለት የተፈለፈለች ስትሆን፥ የአገሩ ትውፊት የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ናት ይላል። መኪናችን መታጠፊያውን ሲያልፍ ከአጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ወደዚያ አቅጣጫ እጅ ነሥተው፥ «ማርያም በሽልም ታውጣት» ሲሉ ሰማናቸው። ስለ ማን እንደሚለምኑ ብንጠይቃቸው፥ ልጃቸው ወሯ እንደ ገባና እርሳቸውም ሊያርሷት እንደሚወርዱ ነገሩን። በቅርጫታቸው ውስጥ ቅቤ፥ የገንፎ ዱቄትና የአጥሚት እህል ነበረ። «እኔ እስክደርስ ፈርታ ይሆናል፤ የመጀመሪያዋ ነው» አሉን። ገንፎውን የሚያገነፋ ሰው በዚያም አይጠፋም ነበር። እናቲቱን 100 ኪሎ ሜትር ያስጓዛቸው ግን ልጃቸው ትፈራ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የምትገኘው ጢያ ናት። በዚያ የቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከነዚህም 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት ቅርጽ አላቸው። ቦታው የመቃብር ቦታ ነው፤ ከድንጋዮቹ በታች ያረፉትን ሰዎች ስም ግን ዛሬ የሚያውቅ የለም። ድንጋይ ተክሎ ሙታንን ማሰብ የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ሆኖም በሕይወት ያለችውንና በዝምታ የምትጨነቀውን ማሰብ ከዚህ ይበልጥ አስቸኳይ መሆኑን በልባችን ይዘን አለፍን።

በሶዶ ወረዳ

ጢያን አልፎ የሚገኘው ቡኢ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ይህ ወረዳ ለእንግዳ ዐይን ከሌላው የተለየ መስሎ አይታይም። ነገር ግን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ፕራይም የተባለ ጥናት የተካሄደበት ነው። ጥናቱ በኢትዮጵያ፥ በሕንድ፥ በኔፓል፥ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተደረገ ሲሆን፥ የመረመረውም ነገር ይህ ነው፤ የአእምሮ ሕመም ያገኘው ሰው ሩቅ ከተማ ድረስ ሳይሄድ፥ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ በተራ የጤና ሠራተኞች እጅ ሊረዳ ይችላል ወይ? ከዚያም ወዲህ በዚሁ ወረዳ፥ ለነፍሰ ጡሮች የሚስማማ በንግግር የሚሰጥ እርዳታ ሲዘጋጅ ቆይቷል።

ከመንገዳችን አረፍ ብለን በአካባቢው ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ገባን። ነፍሰ ጡሮች በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ነጠላዋን የተከናነበችው ክርስቲያንና ሻሽዋን ያሰረችው እስላም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ በርበሬ ዋጋ ይጫወታሉ። በግቢው ጥግ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ቤታቸው ከመኪና መንገድ የራቀባቸው ሴቶች ምጣቸው ሳይደርስ መጥተው በዚያ ይቆያሉ፤ ቡናቸውን በጋራ ያፈላሉ። የአገልግሎቱ ኃላፊ የሆነችው አዋላጅ ነርስ በትሕትና ተቀብላን ሥራዋን አስረዳችን። እንዲህም አለችን፦

«የደም ግፊቷን ስንለካ ዝም ብላ ትለካለች። ሆዷን ስንዳስስም ዝም ትላለች። ‹ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?› ያልናት እንደ ሆነ ግን፥ አንዳንዷ መልሱን ሳትጀምር ታለቅሳለች። ያን ጊዜ የምንሠራው ሥራ ገና መጀመሩ ነው።»

ሥራው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃት፥ ምክር ከመስጠት አስቀድሞ መስማት መሆኑን ነገረችን። የሰሙትን ይዘው ከሴቲቱ ጋር ጭንቀቶቿን አንድ በአንድ ይቈጥራሉ። ከነዚያም መካከል መፍትሔ ሊገኝለት የሚችለውን አንዱን ይመርጣሉ፤ ለእርሱም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ልትሠራው የምትችለውን ትንሽ ነገር አብረው ያስባሉ። ባልዋን አነጋግሮ ውኃ የሚቀዳላት ሰው ማግኘት ሊሆን ይችላል፤ ከተጣላቻት እኅቷ ጋር መታረቅ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቀን ስትመለስ የሆነውን ትናገራለች፤ ያልተሳካ እንደ ሆነ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ይህ ዐይነት እርዳታ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜን፥ ምስጢር መጠበቅንና የሠለጠነ ጆሮን ነው።

ቡታጅራ ያስተማረችው

ከቡኢ ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ ዘቢዳር በስተ ቀኝ ይታያል፤ የእንሰቱና የበርበሬው ተክልም እየበዛ ይሄዳል። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በስዊድን አገር ካለው ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1986 የጤና ጥናት ጣቢያ አቋቁሟል። የቡታጅራ ገበሬና የቡታጅራ እናት ለብዙ ዓመታት ደጃቸውን ለጠያቂዎች ከፍተው፥ ለመላው ዓለም የሚጠቅም እውቀት ሰጥተዋል።

ከነዚያ ጥናቶች አንዱ የኛን ነገር ይመለከታል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2005ና በ2006 መውለጃቸው የቀረበ 1,065 የቡታጅራ አካባቢ ሴቶች ስለ ልባቸው ሁኔታ ተጠየቁ፤ ከወለዱ በኋላም ተከታትለው ጠየቋቸው። በእርግዝናቸው ጊዜ ኀዘንና ጭንቀት የበዛባቸው ሴቶች፥ ከሌሎቹ ይልቅ ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ የሚረዝምባቸውና ለሕፃኑ ጡት መስጠትን የሚያዘገዩ ሆነው ተገኙ። የምጡ መርዘም ምክንያት ጭንቀት ብቻ ነው ለማለት ባይቻልም፥ የእናት ልብና የእናት አካል ተለያይተው እንደማይሄዱ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ በዓለም ላይ ካሉት ነፍሰ ጡሮች ከመቶው 10 ያህሉ፥ በቅርብ ከወለዱትም ከመቶው 13 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ ከዚህም የሚበዛው ድባቴ የሚባለው ነው። በታዳጊ አገሮች ግን ቍጥሩ ከፍ ይላል፤ በእርግዝና ጊዜ ከመቶው 15.6፥ ከወሊድ በኋላ ከመቶው 19.8 ይደርሳል። እንግዲህ በአንዲት አጥቢያ አምስት አራሶች ቢኖሩ፥ ከነርሱ አንዷ በዚህ ሕመም ውስጥ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። አባቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ብዙ ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው ከ10 አባቶች አንዱ ያህል ከልጁ መወለድ በፊት ወይም በኋላ ድባቴ እንደሚያገኘው አሳይተዋል።

ልማዳችን የሚሰጠውና የሚያስቀረው

ይህን የሰማ ሰው፥ «እኛ አራስ የምትጦርበት ልማድ አለን፤ ይህ የባዕድ አገር በሽታ ነው» ይል ይሆናል። በእውነትም ልማዳችን የተናቀ አይደለም። ምጥ በተያዘ ጊዜ ጎረቤቶች ተሰብስበው «ማርያም፥ ማርያም» ይላሉ። በሰላም የወለደችውን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል፤ እርሷም «ማርያም ታኑራችሁ» ብላ ትመልሳለች። ገንፎው በቅቤ ይቀርባል፤ አራሷ ብቻዋን አትተውም፤ ከእሳትና ከውኃ ሥራ ትጠበቃለች። ለወንድ 40፥ ለሴት 80 ቀን ደርሶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ቤቱ የእርሷና የሕፃኑ ነው።

የሐኪሞች ጥናትም ይህን ልማድ የሚደግፍ ሆኖ ተገኝቷል። በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉባቸው 26 ጥናቶች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2017 በአንድነት ተመርምረው ነበር። ምጥ በያዛት ጊዜ የሚያጽናናት ሰው ከአጠገቧ ያልተለየ ሴት ምጧ እንደሚያጥር፥ ያለ ቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏም እንደሚጨምር ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ማንኛዋም ወላጅ የምትመርጠው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲቆም መክሯል። በአገራችንም ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና በማዋለጃው ግቢ እንዲዘጋጅ አድርገዋል፤ ይህም እናቲቱ ቤቷን ትታ የመጣች መስሎ እንዳይሰማት ነው።

ነገር ግን ልማዳችን የማይደርስበት ቦታም አለ። አንደኛ፥ ደስታን እንጂ ኀዘንን አያስተናግድም። እልልታ በሚሰማበት ቤት የምታለቅስ አራስ ምስጋና ቢስ ትባላለች፤ ስለዚህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ሁለተኛ፥ ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ጊዜ እልል በሚባልበት አገር፥ እናቲቱ እልልታውን ትቈጥራለች። ሦስተኛ፥ ክርስትናው ሲነሣ እንግዳው ይበተናል፤ አርማ የነበረችው እናትም ወደ አገሯ ትመለሳለች። ከ80 ቀን በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት የሚጠይቅ አይገኝም። አራተኛና ዋናው፥ ሕፃን የሞተባት እናት የእንባ ድርሻ አልተሰጣትም።

ይህን የመጨረሻውን የተረዳነው በሄድንበት ቤት ነው። ክርስትና የተነሣችው ሕፃን እናት ጎረቤት የሆነች አንዲት ወጣት፥ የስድስት ወር ልጇን ታቅፋ በድግሱ ላይ ታገለግል ነበር። የቤቱ እመቤት እንዳጫወቱንና እርሷም ራሷ ለሌሎች እናቶች እንዲነገር ፈቅዳ እንደ ነገረችን፥ ከዚህ ልጅ በፊት የወለደችው ወንድ ልጅ በሦስተኛው ቀን አርፎባት ነበር። ሰዎች ሁሉ በቅንነት፥ «እግዚአብሔር ይተካልሽ፤ ለሕፃን አይለቀስም» አሏት። እርሷም አላለቀሰችም። ዳግመኛ ባረገዘች ጊዜ ግን እንቅልፍ አጣች፥ እህል አልወርድ አላት፥ ከሰውም ራቀች። አማቷ ዐይን ነው አሉ፤ ባልዋ ጠላችኝ አለ።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ወደ ቤት ገብታ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለች። ነፍሰ ጡሪቱ ወሯ ገብቶ ሳለ ለሚወለደው ልጅ አንድ ጨርቅ እንኳ አላዘጋጀችም ነበር። ሠራተኛዪቱ ግን አልገሠጸቻትም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ተቀምጣ፥ «እኅቴ፥ የፊተኛውን ልጅ በልብሽ ማን ብለሽው ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ወጣቲቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ለማንም ያልተናገረችውን ስም ተናገረች፤ አለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛዪቱ በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመረመረቻት፤ ባልዋንም በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣ፥ ሚስቱ የጠላችው ሳይሆን የፈራች መሆኗን አስረዳችው። እርሱም ከዚያ በኋላ ወደ ክትትል ቀጠሮዋ አብሯት ይሄድ ጀመር።

የነፍስ አባቷም በተነገራቸው ጊዜ መጥተው ከጸሎት በኋላ፥ «አልቅሺ ልጄ፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል» አሏት። እርሳቸውን በክርስትናው ድግስ ላይ አግኝተናቸው፥ ጠበልና ሐኪም ይጣላሉ ወይ? ብለን ጠየቅናቸው። «ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ የሚነግረው ቢኖር፥ ያ ሰው ከራሱ እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አልተናገረም» ሲሉ መለሱልን። ወጣቲቱም በጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች። ዛሬም አንዳንድ ቀን እንደምታዝን አልደበቀችንም፤ ነገር ግን የምትነግረው ሰው አላት።

የሌላ አገር ምስክር

ይህች ሠራተኛ የሠራችው ነገር የአንዲት ደግ ሴት አጋጣሚ ብቻ እንዳይመስለን፥ በፓኪስታን አገር በራዋልፒንዲ አውራጃ የተደረገውን እናንሣ። በዚያ አገር እንደኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየመንደሩ የሚዞሩ ሴቶች አሉ። ጥቂት ሥልጠና ተሰጥቷቸው፥ ድባቴ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ከመውለጃ ወራቸው ጀምረው እስከ ልጁ 10ኛ ወር ድረስ 16 ጊዜ በቤታቸው እየጎበኙ እንዲያነጋግሩ ተደረገ። ንግግሩም ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፤ እናቲቱ ለራሷ ያላትን እንክብካቤ፥ ከሕፃኑ ጋር ያላትን ፍቅር፥ ከቤተ ሰቧ ጋር ያላትን ግንኙነት። «እኔ መጥፎ እናት ነኝ፤ ምንም ባደርግ አይሳካልኝም» የሚለውን ሐሳብ ለይታ እንድታውቅ፥ በሚጠቅም ሐሳብም እንድትተካው፥ ያንንም በሥራ እንድትለማመደው ታግዛለች። ባልና አማትም እንዲካፈሉ ይጠራሉ።

በጥናቱ 903 እናቶች ተካፍለዋል። እኩሌታዎቹ ያህል ይህን ንግግር አገኙ፤ የቀሩት ደግሞ ያን ያህል ጊዜ ተጎበኙ፥ ግን ጎብኚዎቻቸው ይህን ሥልጠና አልተቀበሉም ነበር። ልጆቹ ስድስት ወር በሞላቸው ጊዜ፥ ተራ ጉብኝት ካገኙት እናቶች ከመቶው 53ቱ ገና በድባቴ ውስጥ ነበሩ። በሠለጠኑት ሴቶች ከተረዱት ግን ከመቶው 23ቱ ብቻ ነበሩ። የልጆቹ ክብደትና ቁመት ብዙ ልዩነት ባያሳይም፥ በተረዱት እናቶች ቤት ተቅማጥ አነሰ፥ ክትባትም ተሟላ። ውጤቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ታትሞ ወጣ፤ በ2015ም የዓለም ጤና ድርጅት ትምህርቱን ለሁሉም አገር እንዲሆን በመጽሐፍ አወጣው። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ ወደ አራስ ቤት መሄድ ብቻ አለመብቃቱን፥ በዚያ ተቀምጦ የሚነገረውና የሚሰማውም ነገር ዋጋ እንዳለው ነው።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፥ ከዘቢዳር ተራራ በስተ ምዕራብ የአጣጥ ሆስፒታል አለ። በዚያ የእናቶች ማቆያ ቤት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይሠራል። ከ1987 እስከ 2008 በነበሩት 22 ዓመታት በማቆያው ተቀምጠው የወለዱ 6,805 እናቶች ነበሩ። ከነርሱ ጋር ሲነጻጸር፥ ማቆያ ሳይገቡ ከመጡት መካከል የሞቱት እናቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከ100,000 ወሊድ ሲታሰብ በማቆያው 90 ያህል፥ ከማቆያው ውጭ 1,333 ያህል ነው። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጸናባቸው በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም፤ ሆኖም በጊዜ መምጣት ሕይወት ነው። በጊዜ የምትመጣውም፥ «ቤቱን እኛ እንጠብቅልሻለን፥ ሂጂ» የሚላት ሰው ያላት ሴት ናት።

ቤተ ሰብ ሊለየው የሚገባ

አንባብያን እንዲያስተውሉት፥ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ እንባ ሁሉ አንድ አይደለም። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ገደማ ብዙ አራሶች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፥ ይቈጣሉ፥ ይደክማሉ። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ መድኃኒቱም ዕረፍት፥ ምግብና ደግ ቃል ነው።

ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት አልፎ ቢቆይ፥ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቢጀምር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ እንቅልፍ እንቢ ቢላት፥ በምንም ነገር ደስ ባይላት፥ ራሷን ብትወቅስ፥ ሕፃኑን ስታቅፍ ልቧ ባዶ ቢሆንባት፥ ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ሐኪሞች ይህን ለመለየት የሚያግዙ ዐሥር ጥያቄዎች አሏቸው፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1987 በኤዲንብራ ከተማ ስም ተሰይመው የወጡ ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባም ተሞክረዋል። በንግግር የሚሰጥ እርዳታ አለ፤ ሲያስፈልግም ጡት ለምታጠባ እናት የሚስማማ መድኃኒት ሐኪሙ ይመርጣል።

ሦስተኛው ጥቂቶችን የሚያገኝ ነው፤ ከ1,000 ወላጆች አንዷን ወይም ሁለቷን። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት ይነሣል። አራሷ አትተኛም፥ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፥ ነገሯ ይዘባረቃል፥ ሰውን ትጠራጠራለች። በዚህ ጊዜ፥ እንዲሁም ማንኛዋም እናት ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለ መጉዳት በተናገረች ጊዜ፥ ሳትገሠጽና ሳትታሰር፥ ብቻዋንም ሳትተው፥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ይህ በሽታ የሚድን ነው፤ የሚያስፈራው መዘግየቱ ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህም ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በሉቃስ ወንጌል በመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ኤልሳቤጥ በፀነሰች ጊዜ አምስት ወር ራሷን ሰውራ ተቀመጠች፤ በስድስተኛውም ወር እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ገሥግሣ ሄደች፥ ሦስት ወር ያህልም ከእርሷ ጋር ቆየች። ሁለቱም ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እርስ በርሳቸው የተጽናኑት በአንድ ቤት ተቀምጠው ነው። ነፍሰ ጡርን መጎብኘት እንግዲህ ከዚህ የከበረ አርአያ የተቀዳ ሥራ ነው።

ስለዚህ በየአጥቢያው የማርያም ማኅበር የሚጠጡ እናቶች በየወሩ በ21 ሲሰበሰቡ፥ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን በስም ቢያስቡ፥ ሁለት ሁለት ሆነውም ቢጎበኙ መልካም ነው። ጉብኝቱ ክርስትና ሲነሣ አይቁም፤ እስከ ዓመቱ ይቀጥል። ጎብኚዎች ከሕፃኑ አስቀድመው እናቲቱን ይመልከቱ፤ «ሕፃኑ ደኅና ነው ወይ?» ከማለት በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ይበሉ፤ መልሱንም ጠብቀው ይስሙ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በተቀመጡ ጊዜ አልተነቀፉም፤ የተነቀፉት መናገር ከጀመሩ በኋላ ነው። ባልም ሌሊቱን ከሚስቱ ጋር ይካፈል፤ ሕፃኑን ታቅፎ ሁለት ሰዓት ቢያስተኛት፥ ከብዙ ስጦታ ይበልጥባታል። ሴት ልጅ ስትወለድም እልልታው አይጕደል።

በከተማ በኪራይ ቤት ያለ ጎረቤት የምትወልድ፥ በአሜሪካና በአውሮጳም ከእናቷ ርቃ የምትወልድ እኅታችን ይህ ሁሉ የላትም። በዚያ ያሉ አጥቢያዎች ገንፎውን ብቻ ሳይሆን ጆሮውንም ቢያደርሱላት፥ ተረኛ ጠያቂ ቢመድቡላት፥ አገር ቤትን ያህል ይሆንላታል።

ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፥ የአንዲት እናት ጭንቀት ለብቻዋ የተተወ እንደ ሆነ ይጥላታል፤ ባል፥ እናት፥ ጎረቤት፥ የነፍስ አባትና የጤና ሠራተኛ ሲካፈሉት ግን ይቀላል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ቤተ ሰቦች ሁሉ፥ በዚህ ሳምንት የምታውቋት አንዲት ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እንዳለች አስቡ፤ ሄዳችሁም ጠይቋት። በምጥ ላሉት ሽልማቸውን፥ ለአራሶች ብርታትን፥ ልጅ ለሞተባቸውም መጽናናትን እግዚአብሔር ያድልልን።